የማሽኑ ጩኸት ሲቆም

የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ ሴት፣ ትልቁ የማጠቢያ ማሽን መጮህ ሲጀምር ተንበርክካ ግንባሯን የማሽኑ መስታወት ላይ አስደግፋ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ሽርጧ ጉልበቷ ጋ ሳስቶ ነጥቷል። አብራት የምትሠራው ልብስ ተኳሽ ለዓመታት "ይቺ ሴትዮ ደግሞ ከማሽን ጋር ታወራለች" እያለች ስትስቅባት ኖራለች።

ዛሬ መብራት ድንገት ጠፋ። ማሽኑ ጸጥ ሲል የአጣቢዋ ድምፅ ብቻውን ቀረ።

"ጌታዬ ኢየሱስ፣ ልጄ ከጠፋ ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዝም አልከኝ! ሞቶም ከሆነ ቁርጡን ንገረኝ። ካልነገርከኝ ነገም እመጣለሁ፤ አልለቅህም!"

ተኳሿ ካውያዋን እንደያዘች ክው አለች።

"እትዬ፣ ካልመለሰልሽ ለምን ትደክሚያለሽ?"

አጣቢዋ ዓይኗን በእርጥብ ሽርጧ ጠረገች።

"እሱ ዝም አለ። እኔም ዝም ካልኩ የልጄን ስም ማን ይጠራዋል?"