ቦቢ ደህና አደረ

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴም፣ ለእናቴም፣ አብራኝ ለምታስተምር ጓደኛዬም ተናግሬው አላውቅም። ስንት ጊዜ ከአፌ ጫፍ ደርሶ ተመልሷል። ዛሬ ለማላውቅህ ለአንተ የምነግርህ፣ ስትሰማ ፊትህን ስለማላየው ይሆናል።

ደርግ ከወደቀ ስድስት ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ጅማ ቦሳ ኪቶ፣ ከአባቴ በወረስኳት ቤት ከውሻዬ ከቦቢ ጋር ብቻዬን እኖር ነበር። ቦቢ አንድ ጆሮው የተቀደደ፣ እንጀራውን ሽሮ ካልነካካሁለት አኩርፎ የሚተኛ ቅምጥል ነበር። ጠዋት ትምህርት ቤት ስሄድ እስከ አወቱ ድልድይ ሸኝቶኝ ይመለሳል፤ ስወጣ እዚያው ቆሞ ይጠብቀኛል። በጣም እወደው ነበር፤ በዚህ አላፍርም። የማፍረው በሌላ ነው። የሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ። ስለ እብድ ውሻ በሽታ ሰሌዳ ሙሉ የጻፍኩ፣ ውሾቻችሁን አስከትቡ እያልኩ ተማሪዎቼን የጨቀጨቅኩ እኔ፣ ክትባት የተሰጠ ዕለት ቦቢን ሳልወስደው ቀረሁ። ለምን? ጸጉሬን ልሠራ ሄጄ።

ጎረቤቴ አዴ ዘይነባ (አዴ በኦሮምኛ እንደ እትዬ ነው) ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ አንድ ልጃቸውን ነጂማን በስፌት መኪናቸው ነው ያሳደጉት። ኅዳር ላይ፣ በየግቢው ቡና ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሳለ፣ የሰፉልኝን ቀሚስ ይዘው መጡ። ቦቢ ያውቃቸዋል፤ ሁልጊዜ ጭራውን እየቆላ ነበር የሚቀበላቸው። ያን ቀን ግን ሳይጮህ፣ ሳያጉረመርም ሄዶ ባታቸውን ነከሳቸው። የሚያውቀውን ሰው ያለ ምክንያት መንከስ የምን ምልክት እንደሆነ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሳቸው አልተቆጡም። ቤታቸው ገብተው የውሻ ለሃጭ የነካውን እግራቸውን ሃይማኖታቸው እንደሚያዘው ሰባት ጊዜ አጠቡና አብረን ጤና ጣቢያ ሄድን።

ነርሷ ውሻው ተከትቧል ወይ ስትለኝ አዎ አልኩ። አስቤ አይደለም፤ አፌ ቀደመኝ። አስተማሪ ነኛ! እንግዲያው አሥር ቀን አስራችሁ ተመልከቱት አለች፤ ከሞተ ወይም ከጠፋ ግን በዚያው ቀን ኑ፣ ሆድ ላይ የሚወጋው አሥራ አራት መርፌ ይጀመራል።

ቦቢን ከጓሮ የማገዶ ቤት ውስጥ አሰርኩት። አዴ ዘይነባ ከዚያ ወዲያ ግቢዬን ፈሩ። በየጠዋቱ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው “ሰሬን አካም ቡሌ?” ይሉኛል፤ ውሻው እንዴት አደረ ማለታቸው ነው። እኔም በቋንቋቸው “ነጋ ቡሌ” እላለሁ፤ ደህና አደረ። ሦስት ቀን እውነት ነበር። በሦስተኛው ቀን ማምሻውን ሲያለቅስ አላስችል ብሎኝ ገመዱን አላላሁለት። ጠዋት የማገዶ ቤቱ ባዶ ነበር።

እስከ ድልድዩ ሮጥኩ፤ የለም። ስመለስ አዴ ዘይነባ አጥሩ ጋ ቆመዋል።

“ሰሬን አካም ቡሌ?”

“ነጋ ቡሌ” አልኳቸው።

ኃጢአቴ ይኸው ነው፤ ሁለት ቃል። ለምን አልኩ? የመርፌው ሥቃይ አሳዝኖኝ ነው እል ነበር ለራሴ። አትመነኝ። ጠፋ ካልኩ የክትባቱን ወረቀት አምጪ እባላለሁ፣ ውሸቴ ይወጣል፣ ተማሪ ይስቅብኛል። በሰው ነፍስ ቁማር የተጫወትኩት ለዚህ ነው። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ፤ ነገም “ነጋ ቡሌ” አልኩ። ሰባት ጠዋት ዋሸኋቸው። ድምፁ ጠፋ እኮ ሲሉኝ፣ መታሰሩን ለመደው አልኩ። አሥሩ ቀን ሲሞላ ደግሞ፣ ሌላ ሰው እንዳይነክስ አጋሮ ላለ ዘመድ ሰጠሁት አልኳቸው። እንባቸው መጣ። ለእኔ ስትል ከውሻዋ ተለየች እያሉ በመንደሩ ሁሉ አመሰገኑኝ።

ከዚያ ውሃ መጠበቅ ጀመርኩ። በሽታው የያዘው ሰው ውሃ እንደሚፈራ አስተምሬያለሁና፣ አዴ ዘይነባ ውሃ ሲጠጡ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሰበብ ፈልጌ እሄዳለሁ። ደህና የነበረ ቁልፍ በጥርሴ በጥሼ ይትከሉልኝ ብዬ የገባሁበት ቀን አለ። ይባስ ብሎ ረመዳን ገባ። ቀኑን ሙሉ ውሃ አይቀምሱም፤ እኔም ቀኑን ሙሉ ምንም አላውቅም። ፀሐይ ስትጠልቅ ቤታቸው ከች ነው። ቴምሩን በልተው ብርጭቆውን ሲያነሱ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ውሃው በጉሮሯቸው ሲወርድ ካየሁ በኋላ ነው ሳምቡሳዬን የምነካው። ወሩን ሙሉ እንዲህ ነበርኩ። እሳቸው ደስ ብሏቸው ነጂማን፣ ጎረቤታችን ከእኛ ጋር ነው የምታፈጥረው፣ ወንበሯን አዘጋጂ ይሏታል።

አልታመሙም። ቦቢ ጤነኛ ነበር? ወይስ ያ ሰባት ጊዜ እጥበት አዳናቸው? አላውቅም፤ ቦቢንም ዳግመኛ አላየሁትም። የእሳቸው መትረፍ የእኔን ሥራ አያቀልለውም። እኔ ገድያቸው ቢሆን ኖሮ፣ ያን ጊዜስ እናገር ነበር?

ብዙ ዓመት አለፈ። ነጂማ አግብታ ወለደች፣ ሞባይል በየሰው እጅ ገባ፣ አዴ ዘይነባም በእርጅና አልጋ ያዙ። ልጠይቃቸው የገባሁ ዕለት ነጂማ ውሃ በማንኪያ ስታቀርብላቸው ፊታቸውን አዞሩ። ያ ሁሉ ዘመን አልፎ እንኳ፣ ውሃ ፈሩ ብዬ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ለካ አልጠማኝም ማለታቸው ነው። ከዚያ እጄን ያዙኝ።

“አውፍ በይኝ” አሉ። “በእኔ ምክንያት ነው ውሻሽን ያጣሽው። ልብሽ ሲያዝን አይ ነበር። ዛሬ ነገ ስል ይቅርታ ሳልጠይቅሽ ኖርኩ።”

አሁን ተናገሪ አለኝ ልቤ። አፌንም ከፈትኩ። ነጂማ አጠገባችን ቆማ ታየኛለች።

“አውፍ ብያለሁ፣ አዴ” አልኩ።

በማግስቱ አረፉ። አንተን ይቅር በለኝ ብዬ አልለምንህም፤ አንተን አልበደልኩም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውን ደግሞ እኔው ይቅር ብዬ ሸኘኋቸው።