የተማሪ ትራንዚስተር

እናቴ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ካደረገች ወዲህ ድምጿ ከሹክሹክታ ብዙም አይበልጥም። እቤት ለምደነዋል፤ ቴሌቪዥኑን ዝቅ አድርገን ፊት ፊቷን እያየን እንሰማታለን። ታላቅ እህቴ ልታገባ ሽር ጉድ ሲጀመር እናቴን ያስጨነቃት ድግሱ ሳይሆን ምርቃቱ ነበር። በመልሱ ቀን በሙሽራው ወገኖች ፊት ቆማ ልጇን መመረቅ ትፈልጋለች።

"ማን ይሰማኛል?" አለች አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጠች።

"እኔ አሰማሻለሁ" አልኳት።

አምፕሊፋየር መሥራት ማንም አላስተማረኝም። ሥራዬ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ከሥራ መልስ ከተጣሉ ራዲዮኖች ላይ እቃ እየነቀልኩ፣ በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ፣ ያልገባኝን አሥር ጊዜ እየመለስኩ ነው የተማርኩት። ለእናቴ የሠራሁት ግን ከበፊቶቹ ሁሉ ይለያል። ማይኩ የሚሰካበትን ክፍል ለብቻው በቆርቆሮ ከለልኩት፤ ከትራንስፎርመሩ አራቅኩት፤ ወደ መሬት የሚሄዱትን ሽቦዎች በሙሉ አንድ ነጥብ ላይ አገናኘኋቸው። ሲከፈት ጆሮዬን እስፒከሩ ላይ ካልለጠፍኩ በቀር መብራት መኖሩንም አላውቅም ነበር፤ ያን ያህል ጸጥ ይል ነበር። ለእናቴ ድምፅ እንደዚያ ያለ ጸጥታ ያስፈልገዋል።

በመጨረሻ ለድምፁ ጉልበት የሚሰጡት ትራንዚስተሮች ቀሩ። 5200 እና 1943 የሚባሉ ጥንዶች ናቸው፤ ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ ሦስት እግር ያላቸው። መገናኛ ካለ የኤሌክትሮኒክስ እቃ መሸጫ ሁለት ጥንድ ገዛሁ። ባለሱቁ ትከሻው አጠገብ ካለው የፕላስቲክ መሳቢያ አውጥቶ ሰጠኝ።

መልሱ የተደገሰው ቡልቡላ በሚገኘው ኮንዶሚኒየማችን የኮሙናል አዳራሽ ውስጥ ነበር። ለአንድ ሰዓት ያህል ሙዚቃ ተከፈተ፣ ተጨፈረ፤ ሁለት እስፒከር ከጎረቤት ተውሼ ነበር፤ ሁሉም ደህና ነበር። ከዚያ ሙዚቃው ቆመና ማይኩ ለእናቴ ተሰጣት። አዲስ የሀበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ማይኩን በሁለት እጇ ይዛ "ልጆቼ" አለች። ያቺን አንዲት ቃል አዳራሹ በሙሉ ሰማት። ስድስት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ሲሰማ ያልሰማሁት ድምጿ ነበር።

ቀጥሎ ቷ አለ። ከሳጥኑ ክዳን ሥር ነጭ ጢስ ወጣ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። እናቴ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ምንም አይሰማም። የሙሽራው አጎት፣ የታክሲ ሹፌርና ተጫዋች ሰው ናቸው፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ "ኧረ ሰርጉን አጠኑልን!" አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እናቴ ማይኩን አስቀመጠች፤ እህቴ ጆሮ ላይ ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር አለቻትና ተቀመጠች። ምን እንዳለቻት እህቴ ብቻ ናት የምታውቀው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሙሽራው ወገኖች ስሜ "አጣኙ" ሆነ። "አጣኙ መጣ፣ መስኮት ክፈቱ።" "አጣኙ፣ ዛሬ ምን ልታጨስ ነው?" እህቴም ትስቃለች፤ ለባሏ ዘመዶች ብላ እንደምትስቅ አውቃለሁ፤ ግን ትስቃለች።

በማግስቱ ሳጥኑን ፈትቼ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው መረመርኩት። ከአንድ ጥንድ ትራንዚስተር በቀር የሞተ ነገር የለም። በሳምንቱ መጨረሻ እቃዎቹን የበየድኩበትን ቦርድ ይዤ ወደ መገናኛው ሱቅ ሄድኩ። ቅዳሜ ስለነበር ሱቁ በሰው ተሞልቷል። ባለሱቁ ቦርዱን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ ገለበጠውና ለሁሉም አሳየ።

"ትራንዚስተሩ ምን አደረገህ? የገደለው እጅህ ነው" አለኝ። "ይኼ ብየዳ ነው? ማስቲካ አኝከህ የለጠፍክበት ነው የሚመስለው። የኔ ወንድም፣ መጀመሪያ ሂድና ሽቦ መላጥ ተማር።"

ተሳቀ። እኔ ሰው ሲሰበሰብ ቃል አይወጣኝም። ቦርዴን ተቀብዬ፣ ሌላ ጥንድ ገዝቼ ወጣሁ።

እቤት ሄጄ ብየዳውን ከሥር ነቅዬ እንደ አዲስ ሠራሁት። እያንዳንዷን ነጥብ በማጉያ መነጽር አየሁ። አዲሶቹን ገጥሜ ከፈትኩት። አርባ ደቂቃ ሠራና እነሱም ተቃጠሉ። ያኔ አመንኩት። እጄ ነው አልኩ። የብየዳ ካውያዬን በጨርቅ ጠቅልዬ ቁምሳጥን ውስጥ ከተትኩት፤ ሁለት ወር አልነካሁትም። ሻይ ስቀዳ ሳይቀር እጄን አያለሁ፤ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ።

እውነቱን ያወቅሁት ለኮፒ ቤቱ የኤክስቴንሽን ሶኬት ልገዛ ወደዚያው ሱቅ በሄድኩበት ቀን ነው። ከፊቴ አንድ ሽበታም የጥገና ባለሙያ ቆሟል።

"አምስት ጥንድ ስጠኝ እስቲ፣ 5200 እና 1943" አለ።

ባለሱቁ ወደ ትከሻው መሳቢያ አልዞረም። ጎንበስ አለና ከባንኮኒው ሥር የወተት ዱቄት ጣሳ አወጣ፤ ከዚያ ቆጥሮ ሰጠው። ሰውየው ሲወጣ ሶኬቱን ትቼ ተከተልኩት።

"ጋሼ፣ ይቅርታ። ለምንድን ነው ከታች የሰጠዎት?"

ከላይ እስከ ታች አየኝ። "አንተ ከየት ነው የሚሰጥህ?"

"ከላይ።"

"በል እንግዲህ፣ ተማሪ ነህ ማለት ነው" ብሎ ሳቀ። "የላይኛው ለተማሪ ነው፤ የታችኛው ለእኛ። እኛ ከተቃጠለብን ተመልሰን እንጣላዋለንና! ተማሪ አንድ ሁለቴ ያቃጥልና እጄ ነው ብሎ ይተወዋል።"

"ሰው ያውቃል ይኼን?"

"ከተማሪው በቀር ማን የማያውቅ አለ?"

በክፋት አልነበረም የተናገረው፤ ስለ ታክሲ ሰልፍ እንደሚያወራ ሰው ነበር። ከገዛቸው ውስጥ አንድ ጥንድ አውጥቶ "እንካ፣ ሂድና እያቸው" አለኝ፤ ዋጋም አልተቀበለኝ።

በረንዳችን ላይ ተቀምጬ ከላይኛው መሳቢያ ከመጡት የሞተ አንዱን፣ ከጣሳው ከመጡት ደግሞ በሕይወት ያለ አንዱን በሞረድ ሞረድኩ። የጣሳውን መግደል ያሳዝን ነበር፤ ማየት ግን ነበረብኝ። ጥቁሩ ፕላስቲክ እያለቀ ሲሄድ መዳብ ላይ የተለጠፈው ልብ፣ ኃይሉን የሚሸከመው ቁራጭ፣ ይወጣል። የጣሳው ልብ የትንሿ ጣቴን ጥፍር ግማሽ ያክላል። የመሳቢያው የተልባ ፍሬ ያህል ነበር። ላይ የተጻፈው ቁጥር አንድ ነው፤ ሳጥኑ አንድ ነው፤ እግሩ አንድ ነው። እናቴ ቆማ ከንፈሯን ያንቀሳቀሰችው በተልባ ፍሬ ምክንያት ነው።

ከሌላ ሱቅ፣ ሽበታሙ ሰውዬ ከነገረኝ ቦታ፣ ደህናዎቹን ገዝቼ ገጠምኩ። በዚያው ብየዳ፣ በዚያው ቦርድ። ስድስት ሰዓት ያህል በከፍተኛ ድምፅ አሠራሁት። አልተቃጠለም። እጄ አልነበረም።

እፎይ ማለት ነበረብኝ። ያልኩት ግን እፎይ አይደለም። ሰውየው እያወቀ ነበር። ቦርዴን ወደ መብራት ከፍ ሲያደርግ፣ ሲያስቅብኝ፣ ያውቅ ነበር።

ለአጎትየው ነገርኳቸው። ለፋሲካ እቤታችን ሲመጡ የተሞረዱትን ሁለቱን አሳየኋቸው። እያገላበጡ አዩና "አይ አጣኙ! ዛሬም ሰበብ አላጣህም" አሉኝ። ያኔ ገባኝ። የእኔ ማስረጃ የትም አይደርስም። ቃሉ የወጣው ከባለሱቁ አፍ ነው፤ መመለስም ያለበት ከዚያው አፍ ነው፣ ሰው ፊት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሱቁ ጎን ባለው የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ካፓሲተር የሚለካ ቴስተር ጭኔ ላይ አለ። ልቡ ትልቅ የሆነ ትራንዚስተር ሲለካ የሚያሳየው ቁጥር ከሐሰተኛው በእጥፍ ይበልጣል፤ ሳይሞረድ፣ ሳይቃጠል፣ በአምስት ሰከንድ ይታወቃል። ካርቶን ላይ "ትራንዚስተር በነፃ እንለካለን" ብዬ ጻፍኩ። በኮፒ ቤት ልማድ ፊደሎቹን በማስመሪያ ነው የሠራኋቸው።

የመጀመሪያው ቀን ሦስት ሰው መጣ። ሦስተኛው ከሱቁ እየወጣ ያለ ረጅም ልጅ ነበር፤ የገዛውንና የደህናውን ቁጥር ጎን ለጎን አሳየሁት። ወዲያው ተመልሶ ገባ። ጩኸቱ እስከ ባቡሩ ድልድይ ድረስ የሚሰማ ነበር። እንደዚያን ቀን ምሳ ጣፍጦኝ አያውቅም።

በአራተኛው ቅዳሜ ባለሱቁ ደንብ አስከባሪዎች ይዞ መጣ።

"ምንድን ነው የምትሸጠው?" አለኝ አንደኛው።

"ምንም።"

"ታዲያ ምን ትሠራለህ እዚህ?"

"እለካለሁ።"

"ምኑን?"

"የእሳቸውን እቃ።"

ደንብ አስከባሪው ካርቶኑን አነበበ፤ ወደ ባለሱቁ ዞረ። "ይኼ ነው ሕገወጥ ንግድ ያልከኝ? አይሸጥ፣ አይገዛ!" ብሎ ጓደኛውን ጠርቶ ሄደ። ባለሱቁ ድምፁን ቀንሶ "ና ወንድሜ፣ ከታች ነው የምሰጥህ ከዛሬ ጀምሮ" አለኝ። ቀጣዩን ትራንዚስተር ቴስተሩ ላይ ሰካሁ።

ከዚያ በኋላ ሱቁ እየሳሳ ሄደ። ሽበታሙ ሰውዬ እንኳ ከጣሳው የገዛውን እያመጣ ያስለካኝ ጀመር፤ "ልማድ ሆነብኝ" ይላል። አንድ ቅዳሜ ባለሱቁ ትራንዚስተር የሞላ ካርቶን ታቅፎ ከሱቁ ወጣ። ከኋላው እቃውን በጅምላ ያመጣለት ሰው ተከትሎታል።

"ለካልኝ" አለ ባለሱቁ። "ደህና ከሆነ ልረከብ። አንተ ሳትለካው ማንም አይገዛኝም።"

"ስንት ነው?"

"መቶ።"

"እኔን ያስታውሱኛል?" አልኩት።

"እንዴት አላስታውስህም፣ በየሳምንቱ ደጄ ላይ!"

"ከዚያ በፊት።"

ፊቴን አየ። አላስታወሰም። ስንት ወር ይዤው የዞርኩትን ነገር እሱ በዚያው ቀን ምሳ ሳይበላ ረስቶታል። ቃል በቃል ነገርኩት፤ ማስቲካውን፣ ሽቦ መላጡን፣ እጅህ ነው የገደለው ያለውን። ከዚያ ስልኬን አወጣሁና ለአጎትየው ደወልኩ። መገናኛ ተራ ይዘው እየጫኑ ነበር፤ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል።

የመኪና ቁልፋቸውን በጣታቸው እያሽከረከሩ መጡ። "ምን ሆነሃል አጣኙ? ማን ተቃጠለ?"

"እሳቸው የሚነግሩዎት ነገር አለ" አልኩ።

ባለሱቁ ወደ ካርቶኑ እያየ "ብየዳው ደህና ነበር" አለ።

"አልተሰማም፤ ይድገሙት።"

"ብየዳው ደህና ነበር! ትራንዚስተሩ ነው መጥፎ። የሸጥኩለት እኔ ነኝ። አውቄ ነው። በቃ?"

ሰው ቆሞ እየሰማ ነበር፤ ሽበታሙ ሰውዬም። አጎትየው ቁልፉን ማሽከርከር አቆሙ። አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩ።

"እሺ" አሉ። "ገባኝ። ታዲያ ምን ይሁን ልጄ? ሰርጉን እንደገና እንደግስ?"

የከበበን ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ትከሻዬን ያዝ አደረጉና ረዳታቸው ሲጮህ ወደ ታክሲያቸው ሄዱ። በስሜ ነው የተሰናበቱኝ። እናቴ በሁለት እጇ ማይክ ይዛ ቆማ ታየችኝ። ባለሱቁ የተናገረው ቃል ለእኔ በቂ ሊሆን ይችላል፤ ለእሷ ምንም አልነበረም።

ካርቶኑን ከፍቼ መለካት ጀመርኩ። እቃው ደህና ነበር። ሐሰተኛ ነው ብል ማንም አይጠይቀኝም፤ ያመጣው ሰው ጭኖት ይሄዳል፣ ሱቁም ባዶውን ይከርማል። አሰብኩት። ቁጥር ግን አልዋሽም፤ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አሥሩን ለክቶ ያበቃል። እኔ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ ለካሁ። ፀሐዩ አናት ላይ ነበር። ሠላሳ ስምንተኛው ላይ ስደርስ ባለሱቁ መሐረብ አውጥቶ ግንባሩን ጠረገና ወደ ሱቁ ጥላ አንድ እርምጃ ተራመደ።

"እዚሁ ይቁሙ" አልኩት፣ ሠላሳ ዘጠነኛውን እያነሳሁ። "ገና ነው።"