ለአራስ ያልተነገረ ትንበያ

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነው ስድስት ሰዎች ነን። ታናሽ ወንድሜ፣ የከባድ መኪና ሾፌር። ሚስቱ፣ ከወለደች ገና ሃያ ቀኗ። ጨቅላ ልጃቸው። እሷን ሊያርሱ ከአገር ቤት የመጡት እናቷ። ሎንግ ቢች በአንድ ሆስፒታል የምትሠራው የኔ ልጅ። ስድስተኛው እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የኔ ነው።

የአየር ትንበያ ማንም አላስተማረኝም። እኔም ድሮ ከባድ መኪና ስነዳ፣ ለመንገዱ ስል ካርታውን ማንበብ ለመድሁ፤ ከዚያ ሱስ ሆነብኝ። እኛ አገር ሰው በሚበዛበት ሠፈር፣ ፌርፋክስ፣ አንድ ምግብ ቤት ደጃፍ ስቀመጥ ወጣቶቹ "ጋሼ ሜትሮሎጂ፣ ዛሬስ ጃንጥላ እንያዝ?" እያሉ ይቀልዱብኛል። ዝናብ ብርቅ በሆነበት ከተማ ዝናብ የሚተነብይ ሰው መሳቂያ ነው።

ወንድሜ ግን አይስቅም ነበር። የሚኖረው ፍሎሪዳ፣ በአንድ ድልድይ ብቻ ከየብስ የምትገናኝ ደሴት ላይ ነው። ያ ሃሪኬን የሚሉት፣ ከባሕር የሚነሣው አውሎ ነፋስ ወደ እነሱ ሲመጣ እሱ ጭነት ይዞ ኦሪገን ነበር። ጠዋት ደወለ።

"ጋሼ፣ አንተ ውጡ ካልካቸው ይወጣሉ። ሌላ ሰው አይሰሙም።"

እውነቱን ነው። እናትየው፣ አራስ እንዳትደነግጥ ብለው የልጃቸውን ስልክ ወስደው ደብቀዋል። በስልክ የሚላከው ማስጠንቀቂያ ሲጮህባቸው አጥፍተውታል፤ እንግሊዝኛ አያነቡም። ጎረቤት ቢያንኳኳም፣ ከክርስትና በፊት ባዳ አራስ ቤት አይገባም ብለው አልከፈቱም። የሚያነሱት የራሳቸውን ስልክ ብቻ ነው። በዚያ የምንደውለው እኔና ወንድሜ ነን።

ጠዋት ትንበያው የሃሪኬኑ መሐል ከእነሱ በስተደቡብ ርቆ እንደሚያልፍ ይናገር ነበር። ውጡ የተባለውም ሌላ ሠፈር ነው። እኩለ ቀን ላይ ግን፣ ሃሪኬኑ ውስጥ እየገባ የሚለካው አውሮፕላን የላከውን ቁጥር አየሁ። መሐሉ ላይ ያለው የአየር ግፊት በጣም ወርዷል፤ ነፋሱ በርትቷል ማለት ነው። መሐሉም ከተሰመረለት መስመር ወደ ሰሜን ፈንገጥ ብሏል። እንዲህ ከቀጠለ ባሕሩን የሚገፋው እነሱ ላይ ነው። ይፋው ትንበያ ገና አልተለወጠም። እኔ ግን ገብቶኛል። ደወልሁ።

"እማማ፣ ልጅቷን ያገናኙኝ።"

"ምነው ጌታዬ? አሁን ገና ሸለብ አደረጋት። ክፉ ወሬ ካለ ለኔ ይንገሩኝ። ድንጋጤ ጡቷን ያደርቀዋል።"

"ኧረ ክፉ ወሬስ የለም። ትንሽ ዝናብ ነው። ለማንኛውም የሕፃኑን ልብስ ሸክፉ።"

"ዝናብማ በረከት ነው!" ብለው ሳቁ።

ልጄ አጠገቤ ቆማ ነበር።

"አባዬ፣ ምንድነው የምታወራው? ውጡ በላቸው እንጂ!"

"ቀስ በይ። መርዶ እንዲህ በስልክ አይነገርም። ባሏ ይንገራት።"

"የምን መርዶ? ማን ሞተና? ፎርካስት'ኮ ነው!"

ይህችን ልጅ በአሥር ዓመቷ፣ የፈተና ውጤቷን ደበቀችኝ ብዬ ወር ሙሉ ቴሌቪዥን ከልክያታለሁ። ያን ቀን ግን ከእሷ ዞር ብዬ ለወንድሜ ደወልሁ። ወንድሜ ተራራ መሐል ስለነበር ስልኩ አልሠራም። እኔም ቀጣዩ ይፋ ትንበያ እስኪወጣ ሦስት ሰዓት ጠበቅሁ። ለራሴ ጥንቃቄ ነው አልሁት። ጥንቃቄ አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። ክፉ ነገር ከኔ አፍ እንዳይወጣ ብዬ ሰዎቹን ለክፉው ነገር ተውኋቸው።

ትንበያው ሲወጣ እኔ ያየሁትን አለ። ደውዬ "አሁኑኑ ውጡ!" ብዬ ጮህሁ። አራሷ ሕፃኑን አቅፋ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናቷን ደግፋ መኪና ውስጥ ገቡ። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ በነፋሱ ምክንያት ተዘግቷል። ፖሊስ መለሳቸው።

ሲመሽ ባሕሩ ቤት ገባ። ያ በር ያልተከፈተለት ጎረቤት አራሷንና ሕፃኑን በመስኮት አውጥቶ የራሱ ቤት ፎቅ ላይ አደረሳቸው። ለእናትየው ሲመለስ ውሃው መስኮቱን አልፎ ነበር።

አራሷ በትኩሳት ሆስፒታል ገባች፤ እኔና ልጄም ልንጠይቃት ፍሎሪዳ ሄድን። እናቷን ስትጠይቅ ዘመድ ተመካከረ፤ ክርስትናው እስኪያልፍ አይነገራት ተባለ። እስከዚያ የሚሸነግላት ሰው እንድሆን የተመረጥሁት እኔ ነኝ፣ ታምነኛለችና።

"ሌላ ሆስፒታል ናቸው፤ ደህና ናቸው" አልኋት።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ።"

ልጄ ይህን ሰምታ ክፍሉን ጥላ ወጣች።

እንግዲህ ያስከፈለንን ልደምር። አንዲት እናት ሞቱ። ቤቱ ፈረሰ። የአራሷ ጡት እንደሆነ ያው ደረቀ። ወንድሜ አሁንም ይደውልልኛል፤ ስለ አየር ግን አንድም ቀን አይጠይቀኝም። ልጄ ማናቸውንም ነገር ስነግራት "እውነትህን ነው?" ትለኛለች፤ መልሴንም አትጠብቅም። ይህ ሁሉ ሲደመር የሦስት ሰዓት ዋጋ ነው።