በር ላይ የቀረው

ሰውየው ድመቷን ሁልጊዜ ኮቱ ውስጥ ሸጉጦ፣ ደረቱ ላይ አቅፏት ነው የሚመጣው። ኮቱ ግራጫ ነው፤ ሦስተኛው ቁልፍ ግን ከሴት ሹራብ የተነቀለ ቀይ ቁልፍ ነው። የእንስሳት ሐኪሟ መርፌውን ስታዘጋጅ እሱ ለድመቷ በለሆሳስ ያንጎራጉርላታል። ግጥሙን ያስታውሰዋል፤ ዜማው ነው የሚጠፋበት።

«አባባ፣ ይሄ ኢንተርፌሮን የሚባለው መድኃኒት የያዛትን ቫይረስ አይገድለውም» አለችው ዛሬም። «ቫይረሱ የሰውነቷ ሴል ውስጥ ይባዛል፤ ሊወጣ ሲል ግን ደጃፉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል።»

«ታዲያ እንግዳው ከቤት አልወጣም ማለት ነው?»

«አልወጣም። ግን ጎረቤት አይዞርም። ቢያንስ ላቦራቶሪ ውስጥ ሳህን ላይ ባሳደግናቸው ሴሎች እንዲያ ነው ያየነው።»

«እኔ እኮ ሳህን አይደለም ያለኝ ልጄ፤ ሁለት ድመት ነው።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ከሰመ። «ይቺ የሟች ባለቤቴ ድመት ናት። ሌላው ድመት፣ ወንድሟ፣ ጤነኛ ነው። እንዳታስይዘው ብዬ በር ዘጋሁባቸው፤ እሷ ከወዲህ እሱ ከወዲያ ሆነው በሩን ሲቧጥጡ ይውላሉ። ልክፈተው ወይስ አልክፈተው?»

ሐኪሟ የመርፌውን ክዳን በጣቶቿ መካከል አገላበጠችው። የሴሎቹን ነገር ዓመታት አጥንታዋለች።

«እኔም እንጃ አባባ።»

«አንቺም ግራ ከገባሽ ይሁን፤ ብቻዬን አይደለሁማ» አለና ቀዩን ቁልፍ ቆለፈ።

መውጫው ጋ ሲደርስ ቆመ። ሦስት ወር ሙሉ የተመላለሰበት በር ነው፤ እጀታውን ይዞ፣ ይገፋ ይሳብ እንደሆነ ጠፋበት።