ከመኪና አትውረጂ የተባለችው ነርስ

ዶሎረስ ህሩስካ መኪናዬ ውስጥ የገባች ዕለት መጀመሪያ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋችው፤ ቀጥላ የእንቁላል ሳንድዊቿን ፈታ መብላት ጀመረች። የፖሊስ መኪና እኮ ነው! ሽታው ቀኑን ሙሉ አልወጣም።

«አንቺ ሴትዮ፣ እዚህ ውስጥ አይበላም» አልኳት።

«ታዲያ ይሄ የዶናት ፍርፋሪ ከሰማይ ወረደ?»

ዴል ፕሪቸት እባላለሁ፤ ኦሃዮ ውስጥ በካልደር ክሪክ ከተማ አሥራ ስምንት ዓመት በፖሊስነት ሠርቻለሁ። መስተዳድሩ «አእምሮው የታመመ ሰው ጋ ፖሊስና ነርስ አብረው ይሂዱ» ብሎ የወሰነ ጊዜ ጣቢያው ሁሉ አውካካ። «ዴል፣ ሞግዚት መጣችልህ» አሉኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ዶሎረስ የክሬን ነጂ ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ ሃምሳ ስምንት። የአእምሮ ሆስፒታሉ እስኪዘጋ ድረስ ሃያ ስድስት ዓመት እዚያ አስታማለች። ሆስፒታሉ ሲዘጋ በሽታው አብሮ አልተዘጋም። ሕመምተኞቹ በየሰፈሩ ተበተኑ፤ ዘመድም ሲጨንቀው የሚደውለው ለእኛ ሆነ። እኛ ደግሞ የምናውቀው መጮህና ካቴና ማጥለቅ ነው። ሰዎች ለዚህ ሥራዋ የተደበቀ ሐዘን ይፈልጉላታል፤ ወንድሟ አብዶባት ነው፣ የመጀመሪያ ባሏ ራሱን አጥፍቶ ነው ይላሉ። ውሸት ነው። አንድ ባል ነው ያላት፣ እሱም ከእኔ የበለጠ ጤነኛ ነው። እሷ በቃ ሰው ላይ ሲጮህ አትወድም።

የማይዋጥላት ደንቡ ነበር። ፖሊሱ ቀድሞ ይገባል፤ በሬዲዮ «ቦታው ሰላም ነው» እስኪል ድረስ ነርሷ ቀበቶዋን አስራ መኪና ውስጥ ትቀመጣለች።

«ሰላም ከሆነማ እኔን ምን አመጣኝ?» ትለኛለች።

«ደንብ ነው።»

«ቀቅለህ ብላው።»

እንዲህ እየተነታረክን ሰባት ወር አብረን ሠራን። አንድ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ከቫይን ጎዳና ተደወለ። ጎረቤቴ ዋረን መስኮቱን እየደበደበ ይጮሃል፣ እጁ ላይ የሆነ ነገር ይዟል ብላ ነው አንዲት ሴት የደወለችው። የጣቢያችን የሬዲዮ ሠራተኛ ከኮምፒውተሩ ላይ አነበበችልን፦ «ጥንቃቄ። በዚህ ቤት ጠመንጃ አለ። ነዋሪው ፖሊስ ላይ አነጣጥሮ ያውቃል።»

ስንደርስ አለቃዬ ሳጅን ብሬነር ሁለት መኪና ይዞ ቀድሞናል። ሽጉጦች ወጥተዋል። የእኔም ወጣ።

ዋረን ቲብስ የአውቶቡስ መካኒክ ነው፤ ዕድሜው ሠላሳ አራት። በረንዳው ላይ በካልሲ ቆሟል፤ እጁ ላይ ቃታ ያለው ረዘም ያለ ነገር ይታያል።

«ጣለው! ተንበርከክ!» ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ይጮሃል። ዋረን ጩኸቱን ሽሽት በሁለት እጁ ጆሮውን ልያዝ ሲል ያ ነገር ወደ እኛ ዞረ። ጣቴ የሽጉጤ ቃታ ላይ ነበር። ይህን አልደብቅም።

የመኪናዬ በር ሲከፈት ሰማሁ። ዶሎረስ ወረደች።

«ሴትዮ፣ ተመለሺ!» አለ ሳጅኑ።

«አልመለስም።»

«ትዕዛዝ ነው! ጠመንጃ አለው፣ ኮምፒውተሩ ላይ...»

«ጠመንጃ የነበረው ከእሱ በፊት እዚህ ይኖር የነበረው በሽተኛዬ ሄንሪ ዊልክስ ነው። ከሞተ አራት ዓመቱ! ቀብሩ ላይ እኔና ቄሱ ብቻ ነበርን። ኮምፒውተራችሁ ቤት እንጂ ሰው አያውቅም።»

ክው አልኩ። ያንን ማስጠንቀቂያ ከሰባት ዓመት በፊት ያስገባሁት እኔ ነኝ። የምናስገባው በቤት ቁጥር ነው፤ ሰው ቢሞትም ቤት ቢለቅም ማናችንም ተመልሰን አናጠፋውም። ምስኪኑ ዋረን ቤት ብቻ የተከራየ መስሎታል፤ ለካ የሟቹንም ጠመንጃ አብሮ ተከራይቷል።

ዶሎረስ ቀስ ብላ ሄደችና በእኛና በእሱ መካከል ሣሩ ላይ ቆመች።

«ዶሎረስ፣ ኢላማዬ ላይ ነሽ!» ብዬ ጮህኩ።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የቆምኩት» አለች፣ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ። ከዚያ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ እንዳገኘችው ሰው ሁሉ በለሰለሰ ድምፅ፣ «አቶ ቲብስ፣ ዶሎረስ እባላለሁ። ዛሬ ምሳ በልተዋል?» ብላ ጠየቀችው።

«አልበላሁም።»

«ምን እየሠሩ ነበር?»

«ቀዳዳ እየደፈንኩ። በመስኮቱ ስንጥቅ እየገቡ ይሰድቡኛል።»

«በምንድነው የሚደፍኑት?»

ዋረን እጁን አየ። «በሲሊኮን ነዋ!»

ሲሊኮን! ግንበኛ ሁሉ የሚይዘው፣ ቃታ ያለው የመስኮት ማሸጊያ መርጫ ነው።

«ስድቡ እኔን አይሰማኝም» አለችው ዶሎረስ፤ «እርስዎን ግን በጣም እንዳደከመዎት አያለሁ። እሱን መሬት ያኑሩትና እንቀመጥ፤ እኔም ጉልበቴን ያመኛል።»

«እነሱስ?» ብሎ ወደ እኛ ጠቆመ።

«እነሱ ይሄዳሉ። ዴል፣ ንገራቸው!»

ሳጅኑ አፈጠጠብኝ። ሽጉጤን መለስኩና፣ «ማስጠንቀቂያው የእኔ ነው። ስህተት ነው። መልሱ!» አልኩ። ሽጉጣቸውን አንድ በአንድ መልሰው ወደ መኪናቸው ሄዱ። ዋረን መርጫውን አስቀምጦ ደረጃው ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ያለ ካቴና፣ በራሱ እግር መጥቶ መኪናዬ ውስጥ ገባ፤ ሐኪም ቤት እስክንደርስ ዶሎረስ ከኋላ አብራው ተቀመጠች።

በማግስቱ ሳጅኑ አንድ ወረቀት አቀረበላት፤ ደንብ ጥሻለሁ፣ ሁለተኛ አይለመደኝም የሚል። «ካልፈረምሽ ከመኪናው ትወጫለሽ» አላት። ዶሎረስ እስክሪብቶ አነሳችና «ሁለተኛ አይለመደኝም» የሚለውን ሰርዛ «ነገም እወርዳለሁ» ብላ ጻፈች፤ ፈረመችም። እኔም ማስጠንቀቂያውን ማን አስገብቶ ማን እንደረሳው ከፊርማዋ ሥር ጽፌ ፈረምኩ። ሳጅኑ ዶሎረስን ከመኪናዬ አላወጣትም፤ እኔን ግን እስካሁን አያናግረኝም፤ ተገላገልኩ።

ዋረን ወደ ሥራው ተመልሷል፤ አንዳንድ ቀን ይሻለዋል፣ አንዳንድ ቀን ይብስበታል። ዶሎረስ መውረድ አልነበረባትም የሚል ካለ ጋራዡ ድረስ ይሂድና ዓይን ዓይኑን እያየ ለእሱ ይንገረው።