ጥጃዋን የፈታሁ ቀን

ከጀርባችን ያሉት ጎረቤቶች ላም አላቸው፤ ማለዳ ሲያልቡ ጥጃዋ ከእናቷ ተለይታ ስትጮህ እኔ ጆሮዬን ይዤ ጓዳ እገባለሁ። የልጅ ልጆቼ ይህን አይተው «እማማ፣ ጥጃ ምን አድርጋዎት ነው? ይንገሩን እንጂ» እያሉ አላስቀምጥ አሉኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ከነሱ አንዷ ማህሌት ትጽፋለች፣ እኔ አወራለሁ። ወዲያ ወዲህ ብል ይቅር በሉኝ።

ዛሬ ታክሲ የሚርመሰመስበት ቀራኒዮ ያኔ ማሳ ነበር፤ አባቴም ገብስና ባቄላ ይዘራበት ነበር። በበጋ ከቁልቁለቱ ሥር ያለችው ምንጫችን ትቀጥን ነበር እንጂ አትደርቅም ነበርና እኔና እናቴ ጠዋት ጠዋት እንስራችንን ሞልተን እንመለስ ነበር። በልግ ሲያካፋ አፈሩ ይለሰልሳል፤ ሰኔ ላይ አባቴ አፈሩን ጨብጦ፣ አሽትቶ «ደርሷል» ሲል በሬዎቹን ይጠምድ ነበር።

ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ አንድ ዓመት በልጉ ሳይመጣ ቀረ። ሰኔ ላይ ሁለት ቀን ጣል አድርጎ አታለለን፤ አባቴም አምኖት ጎተራ ውስጥ የነበረውን ዘር አንድ ሳያስቀር ዘራው። ገብሱ ጣት አክሎ ከበቀለ በኋላ ሐምሌ ሲገባ ሰማዩ ጥርግ አለ። ምንጯ ጭቃ ሆነች። አባቴ ማሳው ዳር ቁጢጥ ብሎ ይውል ነበር፤ ጎረቤታችን ጋሽ ሽብሩ ሲያልፍ «አንተ፣ ትኩር ብለህ ስታየው አፍሮ ያድጋል ብለህ ነው?» ብሎ ቀለደበት። አባቴ ሳይስቅ «ደግሜ የምበትነው ዘር ስለሌለኝ ነው የማየው» አለው።

ያኔ ምህላ ተያዘ። ሦስት ቀን ሰው ሁሉ ደብሩ ግቢ ድንጋይ ተሸክሞ «እግዚኦ» ሲል ይውል ነበር፤ እስኪመሽ ሕፃናት ጡት፣ ጥጆችም የእናታቸውን ግት አይቀምሱም፤ በደል የማያውቅ ሲያለቅስ እግዜር ቶሎ ይሰማል ይባላል። ጥጃችንን እንድጠብቅ የተተውኩት እኔ ነበርኩ። አባቴ ሲወጣ ትከሻዬን ይዞ «ልጄ፣ ብትጮህም እንዳትፈቻት። እህላችን በሷ ጩኸት ነው» አለኝ።

ሁለቱን ቀን ቻልኩ። በሦስተኛው ቀን ድምጿ ሰልሎ፣ ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ እጄን ትልስ ጀመር፤ አንጀቴ አልችል ብሎ ፈታኋት። አረፋ በአፏ እስኪንጠባጠብ ከጠባች በኋላ መልሼ አስሬ፣ አፏን በቀሚሴ ጠርጌ፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው ደጅ ተቀመጥኩ።

ዝናቡ አልመጣም። ገብሱ ቢጫ ሆኖ እንደቆመ ደረቀ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ በረዶ ሆኖ ወረደና ባዶውን አፈር ጠርጎ ወሰደው። መስከረም ሲጠባ አባቴ በሬዎቹን ሸጦ ኮልፌ ገበያ ሸክም ጀመረ። ሲገባ እናቴ ትከሻውን በሞቀ ውሃ ስታሽለት እያየሁ «እኔ ነኝ» ልል አፌን ከፍቼ መልሼ እዘጋው ነበር። ሳልነግረው ሞተ።

ዛሬ ቧንቧችን ሲፈልግ በሳምንት፣ ሲፈልግ በአሥር ቀን ይመጣል፤ ጀሪካን ደርድረን እንጠብቃለን። ዝናቡም ሰው እህሉን ሊሰበስብ ሲል ይወርዳል፣ ሲዘራ ይጠፋል። ማህሌት የዓለሙ አየር ተለውጦ ነው፣ ከየፋብሪካውና ከየመኪናው የሚወጣው ጭስ ነው፣ የአንድ ሰው ጥፋት አይደለም ትለኛለች። ይሆናል። ያኔ ግን ጥፋተኛዋን አውቃት ነበር፤ ዛሬ ሁሉም ነው ሲሉኝ ማንን እንደምቆጣ፣ ማንን እንደምለምን ጠፋኝ።

እናቴን በቀበርን በሦስተኛው ቀን አክስቴ ወደ ጎን ወስዳ አንድ ነገር ነገረችኝ። በዚያ ምህላ እናቴ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጀርባ ተደብቃ፣ ጨቅላ ወንድሜን አጥብታዋለች። ዝናቡን ያስቀረሁት እኔ ነኝ ስትል ኖራ፣ እንዲሁ እንዳለች ሞተች።