ለጉባኤው የተለጠፈ መርዶ

ይህ ነገር የሆነው ባለፈው ዐቢይ ጾም ነው። አሁን ፋሲካም አልፏል፣ ክረምቱም ገብቷል፤ የእኔ ንዴት ግን አልበረደም። የአማርኛ መምህሬ ድርሰቴን ለክፍሉ አንብበው “አንቺ ልጅ፣ ብዕርሽ ይናደፋል” ካሉኝ ወዲህ መጻፍ ደስ ደስ ይለኛል። እንግዲያው ይናደፍ ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት።

የምኖረው መሐል ሜዳ ነው። ደብሪቱ ደግሞ ቤሩት ሰው ቤት ትሠራለች። እዚህ ሳለች በሰንበት ትምህርት ቤታችን መዝሙር የምታስጠናኝ እሷ ነበረች። ከፍ ያለ ዜማ ላይ ስጮህ “ቀስ በይ፣ ፍየል አይደለሽም” ትለኝ ነበር። ስትሄድ ከእናቷ ቀጥሎ ብዙ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

እዚያ ቅዳሴ የምትሄደው አሠሪዎቿ ሲፈቅዱላት ብቻ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጉባኤ ስንወጣ የተማርነውን በራሴ ቃል አሳጥሬ፣ በድምፅ ቀድቼ እልክላታለሁ። አንድ መዝሙርም እጨምርበታለሁ። መጀመሪያ ላይ ረጃጅም ስብከት ነበር የምልክላት። አንድ ቀን “ሚጣዬ፣ እኔ የምሰማው ልብስ ስተኩስ ነው። ሰባኪው መግቢያውን ሳይጨርስ ሸሚዙ ያልቃል” አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አሳጠርኩ። የሰፈር ወሬም ጣል አደርግበታለሁ፤ ከስብከቱ ይልቅ እሱን ደጋግማ እንደምትሰማው አውቃለሁ።

አባቷ ጋሽ ወንድይፍራው ከእናቷ ጋር የሚኖሩት ቀየት በምትባል ቀበሌ ነበር። በጾሙ አጋማሽ ላይ ድንገት ታመው አረፉ። እናቷ ከቀብር ሲመለሱ ደጋግመው የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር። “ልጄ ብቻዋን እንዳትረዳ። አደራ፣ ብቻዋን እንዳትረዳ።”

በእኛ አገር መርዶ እንደ ወሬ ሹክ አይባልም። ሽማግሌዎችና የነፍስ አባት ተሰብስበው፣ ጎህ ሲቀድ ሄደው ነው የሚያረዱት። ሲወድቅ የሚያነሳው፣ ፊቱን ሲነጭ እጁን የሚይዘው ሰው አብሮ ይሄዳል። ባሕር ማዶ ላለ ሰው ደግሞ እዚያው ያለ የአገሩ ሰው ይፈለግለታል።

የቤተሰቡ የነፍስ አባት አባ ኃይለ ማርያም አስጠሩኝ። “ከደብሪቱ ጋር በስልክ ትገናኛለሽ አሉ። እዚያ አብረዋት ከሚያስቀድሱት የምታውቂው አለ?” አሉኝ። ጽጌን አውቃለሁ አልኳቸው። ጽጌ ቤሩት ብዙ ዓመት የኖረች የደብረ ሲና ሴት ናት፤ ደብሪቱን መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን የወሰደቻት እሷ ናት። አባ በእኔ ስልክ አነጋገሯት። ለእሑድ የደብሪቱን አሠሪዎች ለምና እንደምታስፈቅዳትና ከቅዳሴ በኋላ ከማኅበሯ ሴቶች ጋር እንደምታረዳት ነገረቻቸው። “ነጠላችንን የምናዘቀዝቀው ከነገርናት በኋላ ነው አባ፤ ከሩቅ አይታን እንዳትጠረጥር” አለች። ይህን ስትል ሰምቼ ልቤ አረፈ። እንዲህ የሚያስብ ሰው አጠገቧ አለ አልኩ።

አባ ከዚያ ሰንበት ትምህርት ቤት መጡ። ደብሪቱ የቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ ስላለች ማንም ምንም እንዳይጽፍ አስጠነቀቁን። ሁላችንም እሺ አልን። ብሩክም እሺ ብሏል፤ ከእኔ ቀጥሎ ነበር የቆመው።

ብሩክ የሚዲያ ክፍላችን ተጠሪ ነው። ዋናው መንገድ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። አንድ ነገር ሲሆን ማንም ሳይቀድመው መለጠፍ ይወዳል።

ዓርብ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ ግሩፑን ከፈትኩ። የጋሽ ወንድይፍራው ፎቶ ነው። በግራና በቀኝ ሻማ፣ ከላይ ነጭ ርግብ፣ ከታች በወርቃማ ፊደል “የእህታችን የደብሪቱ ወላጅ አባት ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል” ይላል። ከሥሩ “ነፍስ ይማር” ተደርድሯል። “ደብሪቱ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ” ብሎ በስሟ የጠራትም አለ።

ደብተሬን እንደያዝኩ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሮጥኩ። ስልኳን አሠሪዋ ቀን ቀን እንደምትይዝባት፣ የምትሰጣትም አመሻሽ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። ገና አላየችውም፣ እደርሳለሁ እያልኩ ነበር።

ብሩክ የአንዲት እናት መታወቂያ ኮፒ ያደርጋል።

“አጥፋው” አልኩት።

“ሰላምታ የለም እንዴ እህቴ?”

“የጋሽ ወንድይፍራውን አጥፋው። አባ ምን ብለው ነበር?”

“አባ ያሉት ለእሷ አትንገሩ ነው። እኔ ለእሷ አልነገርኩም፤ ለጉባኤው ነው የለጠፍኩት። ሐዘንተኛን ማጽናናት እኮ ትእዛዝ ነው። ነይ እይ፣ ስንት ሰው እየጸለየላት እንደሆነ።” ስልኩን ወደ እኔ አዞረው። የተጣጠፉ እጆችና ቀይ ልቦች ተኮልኩለዋል። ፊቱ ላይ ኩራት ነበር። እስከ ዛሬ የሚያበሳጨኝ ያ ፊቱ ነው።

“አባቷ መሞቱን የማታውቅን ልጅ ምኑን ነው የምታጽናናት?” አልኩት። ድምፄ መንገድ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

መታወቂያቸውን የሚጠብቁት ሴትዮ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ለካ የብሩክ የቀድሞ ጎረቤት ኖረዋል። ዞር ብለው አዩት።

“አንተ ልጅ፣ ያባትህን መርዶ ማን ነበር ያረዳህ?”

ብሩክ መታወቂያውን ከማሽኑ አነሳ።

“እኔ ነበርኩ ከሽማግሌዎቹ ጋር። አጥሩ ላይ ልትወድቅ ስትል በወገብህ የያዝኩህ እኔ ነኝ። እሷን ማን ይያዛት?”

ብሩክ ስልኩን ወደ ራሱ አዞረና የለጠፈውን አጠፋው።

ለጽጌ ደወልኩ። “እኔም ሰው ቤት ነኝ እኮ ልጄ። ካልመሸ አይለቁኝም። ግን እለምናለሁ፣ ዛሬውኑ እሄዳለሁ” አለችኝ።

ስልኩን ሳልዘጋ የደብሪቱ የድምፅ መልእክት ገባ። አጭር ነው። “ሚጣዬ፣ አይቼዋለሁ። እመቤቴ ሱቅ ስትልከኝ ስልኩን ቀድማ ሰጥታኝ ነበር። አሁን ቤቱ እንግዳ ሞልቷል። የምሳ ሳህን እያጠብኩ ነው። እውነት ነው እንዴ?”

መንገድ ላይ ቆሜ አዎ አልኳት። ቀጥዬ የማውቀውን ጥቅስ ሁሉ ፈለግሁ። በጉባኤ ፊት ሳነበንብ ይጨበጨብልኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን አንድ እንኳ አልመጣልኝም። ኋላ ግን ለቅሶ ቤት ስንሄድ ምን እንደምናደርግ አሰብኩ። አናወራም። ገብተን ቁጭ ነው የምንለው።

ደወልኩላትና “ስልኩን አትዝጊው። ጆሮሽ ላይ ሰክተሽ ሥራሽን ሥሪ። እኔ አጠገብሽ ቁጭ ብያለሁ፤ መልስ አልፈልግም” አልኳት።

ቤት ደርሼ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። በስልኩ ውስጥ ውኃ ይፈሳል፣ ሳህን ይጋጫል፣ የማላውቀው ቋንቋ ይጠራታል፤ እሷም “ሓድር” ብላ ትሄዳለች። እዚያ አገር እሺ ማለት ነው። አባቷ የሞተባት ልጅ ለእንግዳ ሻይ ስታቀርብ እየሰማሁ ብሩክን በልቤ ስንት ነገር አልኩት። የጾም ሰው መሆኔንም ረስቼው ነበር።

እናቴ ወጥታ አየችኝና ነገሩ ገባት። ጋቢዋን ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ዳታዬ ሊያልቅ ሲል ከራሷ ስልክ ጥቅል ገዝታ ላከችልኝ። ጎረቤታችንም ሰላም ልትል መጥታ ሳትጠይቅ ተቀመጠች። ስልኩን መሬት ላይ አድርገን፣ ሦስታችንም ጉንጫችንን በእጃችን ይዘን ዝም አልን። መንገደኛ ቢያየን እብድ ይለን ነበር።

ሊጨላልም ሲል በስልኩ ውስጥ በር ሲንኳኳ ሰማን። የጽጌ ድምፅ ተሰማ፣ ብቻዋንም አልነበረችም። “ደብሪዬ፣ ነይ ወዲህ” ስትል ሰማኋት። ቀጥሎ የደብሪቱ ጩኸት መጣ። “አባዬ” አለች፣ እንደ ቀየት ሰው ድምፅዋን ለቅቃ። እናቴ እጇን ዘርግታ ስልኩን ዘጋችው። “አሁን ሰው አላት” አለች።

ብሩክ በቀጣዩ ጉባኤ ተነስቶ “ባለማወቅ ላጠፋሁት” ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ሁሉም “እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ” አለው። እኔም ከንፈሬን አንቀሳቅሻለሁ። “ባለማወቅ” ያላትን ቃል ግን ልውጣት ብል እምቢ ትለኛለች። አባ ሲናገሩ ከጎኔ ቆሞ እሺ ያለው ማን ነው? በስልክ ሰውን ማጽናናት ይቻላል፤ እኔ በየሳምንቱ አደርገዋለሁ። ግን ሰውየው የት እንዳለ፣ ምን ይዞ እንደቆመ፣ አጠገቡ ማን እንዳለ ሳያስቡ የሚላክ “አይዞሽ” ከድንጋይ ውርወራ አይለይም። ርግብ ቢለጠፍበትም ያው ነው።

ይህን ጽሑፍ ሌሎች እንዲያነቡት ከመላኬ በፊት የሁሉንም ስም ቀይሬ ለደብሪቱ በድምፅ አነበብኩላት። ካልወደደችው ልቀደው ነበር። መልሷ እስኪመጣ ቆየ። ሲመጣ ካውያው ሲንሸራተት ይሰማል።

“ላኪው” አለችኝ። “ብሩክን እኔ ይቅር ብዬዋለሁ። በስልክም ነግሬዋለሁ። አንቺ ግን ለትንሽ ጊዜ ደግሞ ተናደጂልኝ፣ ሚጣዬ። እኔ እዚህ ቤት መናደድ አይፈቀድልኝም።”

እየተናደድኩላት ነው።